ማደስ ወይስ መጠበቅ? ስለ ብርቅዬ ተሳቢ ቤቶች ጥገና የቀረበ ሂስ

«ማደስ» የሚለው ግሥ ሥሩ «አዲስ» ነው። የተበላሸውን መጠገን፣ የጎደለውን መሙላት፣ የዛገውን ማጥራት ሁሉ በዚህ አንድ ቃል ይጠቃለላል። ይሁን እንጂ ቃሉ በውስጡ አንድ ቅራኔ ይዟል። ክብሩ አሮጌ በመሆኑ ላይ የተመሠረተን ዕቃ አዲስ ማድረግ ክብሩን መመለስ ነው ወይስ መንጠቅ? ጥያቄው ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ ስለ ብራና መጽሐፍና ስለ ጥንታዊ ግንብ ጥገና ሲነሣ የኖረ ነው። ባለፉት ጥቂት ዐሠርት ዓመታት ደግሞ ከሥነ ጥበብ ክልል ውጭ ሆኖ ይቈጠር በነበረ አንድ የእጅ ሥራ ላይ በብርቱ እየተነሣ ይገኛል። እርሱም በመኪና እየተጎተተ የሚሄደው፣ በአሜሪካ በ1930ዎቹ ዓመታት መልክ የያዘው የአሉሚኒየም ተሳቢ ቤት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በ1959 ከኬፕ ታውን ተነሥተው በ1960 ካይሮ የገቡት የኤርስትሪም ተሳቢ ቤቶች በኢትዮጵያ ምድር አልፈዋል። የጉዞው መሪ ዋሊ ባያምም አዲስ አበባ ላይ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተዋል። እንግዲህ በእነዚያ ቤቶች ገላ ላይ ከተጻፈው ጭረትና ስርጉደት የተወሰነውን የጻፈው የዚህ አገር መንገድ ነው። የሚወለወለውና የሚፋቀው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ስለዚህ ለባዕድ ጉዳይ መጨነቅ አይሆንም።

የቅርጹ አመጣጥ

ለመዝናኛ ጉዞ የተሠራ ተሳቢ ቤት ከአውቶሞቢል በፊት ነበረ። የስኮትላንድ ተወላጅ የሆኑት ሐኪምና ደራሲ ዊልያም ጎርደን ስቴብልስ በ1885 «ዘ ዋንደረር» የተባለ በሁለት ፈረሶች የሚሳብ ቤት አሠርተው ተጉዘውበታል። ያ ግን የእንጨት ሥራ ነበር፤ መልኩም ከሠረገላና ከባቡር ፉርጎ የተወረሰ ነበር። ተሳቢ ቤት የራሱ የሆነ መልክ ያገኘው ከአውሮፕላን ነው።

ይህን መልክ ከሰጡት ሰዎች ቀዳሚው ዊልያም ሆሊ ቦውለስ ሞተር አልባ ተንሳፋፊ አውሮፕላኖችን በመሥራት የታወቁ አሜሪካዊ ነበሩ። በ1927 ቻርልስ ሊንድበርግ አትላንቲክን ብቻቸውን የተሻገሩበት አውሮፕላን በራያን ፋብሪካ ሲሠራ፣ ቦውለስ የዚያው ፋብሪካ የሥራ ኀላፊ ነበሩ። በ1930ዎቹ አጋማሽ በካሊፎርኒያ፣ ሳን ፈርናንዶ «ሮድ ቺፍ» የተባለውን ተሳቢ ቤት ሲሠሩ የተጠቀሙበት ዕውቀት ይኸው ነው። ከብረት ቱቦ በተሠራ አጽም ላይ ዱራሉሚን የተባለውን ቀላል ቅይጥ ላሜራ አለበሱ፤ ላሜራውንም በሪቬት አያያዙት። ቤቱ ሁሉ ሲመዘን 500 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። የተሠሩት በጠቅላላው 80 ያህል ብቻ ናቸው። ዛሬ ከመካከላቸው አንዱ ለጨረታ ሲቀርብ ከመቶ ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ የሚያወጣበት ጊዜ አለ።

የሮድ ቺፍ ውበት በምን ይመዘናል? በ1930ዎቹ ነፋስ እንዲሰነጥቅ ሆኖ የተለሰለሰ ቅርጽ በአሜሪካ ትልቅ ፋሽን ነበር። ከቦታቸው የማይነቃነቁ ራዲዮኖችና የዳቦ መጥበሻዎች ሳይቀሩ ሊበርሩ የተዘጋጁ መስለው ይሠሩ ነበር። በእነርሱ ላይ ቅርጹ ከጌጥ አያልፍም። በሮድ ቺፍ ላይ ግን ቅርጽና ይዘት ይስማማሉ። ቤቱ መጎተት አለበት፤ የዘመኑ መኪና ኀይሉ አነስተኛ ስለ ነበር መቅለል አለበት፤ ቀጭን ላሜራ ደግሞ ጥንካሬ የሚያገኘው ሲጐብጥ ነው። ጠፍጣፋ ወረቀት በአንድ ጫፉ ቢይዙት ይደፋል፤ ጠቅልለው ቢይዙት ይቆማል። የሮድ ቺፍ ክብነት ምንጩ ይህ የአሠራር ሕግ ነው። ዐይን የሚያደንቀውን መስመር ቀድሞ የፈለገው ክብደቱ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሲባል ሥራው ነውር የለበትም ማለት አይደለም። ቦውለስ በሩን ከፊት፣ ከመጎተቻው በላይ አደረጉት። በዚህም የተነሣ የጎኑ መስመር በምንም ሳይቆረጥ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ይፈስሳል። ነዋሪው ግን ወደ ቤቱ በገባና በወጣ ቊጥር የመጎተቻውን ብረት መሻገር ግድ ሆነበት። ሠሪው ለዐይን አድልተው እግርን በድለዋል።

ፍርዱን የሰጠው ጊዜ ነው። የቦውለስ ኩባንያ በ1936 ከሰረ። ከእርሳቸው ጋር የሠሩት ዋሊ ባያም ንድፉን መነሻ በማድረግ በዚያው ዓመት «ኤርስትሪም ክሊፐር»ን አወጡ፤ በሩንም ወደ ጎን አዛወሩት። ክሊፐር አራት ሰዎች ያስተኛ ነበር፤ የራሱ የውሃ ማጠራቀሚያና የኤሌክትሪክ መብራት ነበረው። ዋጋው 1,200 ዶላር ሲሆን፣ ይህም በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

ከዚህች የአንድ በር መዛወር የዛሬው ጠጋኝ ሊማር የሚገባው ነገር አለ። በሮድ ቺፍ ላይ ያለው አስቸጋሪ በር የዲዛይን ስሕተት ቢሆንም የአንድ አሳብ ምስክር ነው። ባያም በሩን በአዲስ ሥራ ላይ ሲያዛውሩ ስሕተቱን አረሙ። የዛሬው ባለቤት ለምቾቱ ብሎ የሮድ ቺፍን በር ቢያዛውር ግን ምስክሩን ከማጥፋት በቀር ያረመው ነገር አይኖርም። ለአዲስ ሥራ ምግባር የሆነው ለአሮጌ ሥራ ጥፋት ሊሆን ይችላል።

ሁለት ሰው የሚሻ ሥራ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሉሚኒየሙን ሁሉ ለአውሮፕላን ሲጠይቅ ኤርስትሪም ሥራውን አቆመ፤ ባያምም ወደ አውሮፕላን ኢንዱስትሪ ገቡ። ጦርነቱ ሲያበቃ ጉዞው በተቃራኒው ሆነ። የነዳጅ ከበርቴው ጄ. ፖል ጌቲ የያዙት፣ በኦክላሆማ፣ ተልሳ የነበረው የስፓርታን አውሮፕላን ኩባንያ ባለሙያዎቹንና መሣሪያውን ይዞ ወደ ተሳቢ ቤት ሥራ ዞረ። ኤርስትሪምም በካሊፎርኒያ እንደገና ተከፈተ፤ በ1952 ደግሞ በኦሃዮ፣ ጃክሰን ሴንተር ሌላ ፋብሪካ አቋቋመ። ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሟቸው ቤቶች በአብዛኛው የዚህ ዘመን ፍሬዎች ናቸው።

የእነዚህን ቤቶች ሥራ ለመፍረድ አሠራራቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሪቬት መምታት ሁለት ሰው ይጠይቃል። አንዱ በውጭ ቆሞ በአየር ኀይል በሚሠራ መዶሻ የሪቬቱን ራስ ይመታል፤ ሁለተኛው በውስጥ ሆኖ ከባድ ብረት በሪቬቱ ጅራት ላይ ይደግፋል። በመካከላቸው ላሜራ ስላለ አይተያዩም፤ በድምፅና በንዝረት ብቻ ይግባባሉ። የውስጡ ሰው ደገፋውን ካላላ ጅራቱ ይጣመማል፤ የውጩ ሰው ከልክ በላይ ከመታ ላሜራው ይሰረጉዳል። ከሩቅ ሲታይ እንደ ስፌት የተሰደረው የሪቬት ረድፍ የእነዚህ ሁለት ሰዎች የመግባባት ውጤት ነው። የቤቱ ፊትና ኋላ ክብ ሆኖ እንዲዘጋም ላሜራው እንደ ብርቱካን ልጣጭ በቅጠል በቅጠል ተቈርጦ ይገጣጠማል። ጫፋቸው ከ13 ቅጠሎች የተሠራ የ1950ዎቹ ቤቶች በሰብሳቢዎች ዘንድ ልዩ ክብር ያገኙት ቅጠሉ በበዛ ቊጥር ክብነቱ ስለሚለሰልስ፣ ሥራውም ስለሚከብድ ነው።

የተበላሸ ላሜራ በዚሁ ጥንታዊ መንገድ ይተካ ከተባለ የውስጡ ሽፋን መፈታት፣ ሁለተኛውም ሰው መገኘት አለበት። ዛሬ ግን አንድ ሰው ብቻውን ከውጭ የሚያስገባው፣ ራሱ ሲሞረድ ከጥንቱ ጋር የሚመሳሰል ሪቬት አለ። አንድ ሁለት ቦታ ለድንገተኛ ጥገና ቢውል ነውር የለውም። ግድግዳው በሙሉ በእርሱ ሲሞላ ግን መልኩ ቀርቶ ሥራው ይጠፋል። ልምድ ያለው ባትላሜራ የውስጡን ገልጦ ሲያይ ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል።

የእነዚህ ቤቶች ዋና ጠላት ግን በላሜራው ላይ የሚታየው አይደለም። ወለሉ የኮምፔርሳቶ ነው፤ ጠርዙም በላሜራው ቅርፊትና በብረት ሻንሲው መካከል ተጣብቆ ይገኛል። ውሃ በመስኮት ጥግና በላሜራው መጋጠሚያ እየሰረገ ሲገባ መጀመሪያ የሚያርፈው በዚሁ ጠርዝ ላይ ነው። እንጨቱ ሲበሰብስ ቅርፊቱ ከሻንሲው ይላቀቃል፤ የቤቱም ጅራት ይወርዳል። ከዚህም ሌላ እርጥበት ባለበት አሉሚኒየምና ብረት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ እየተበላ ይሄዳል። ከባዱ ጥገና የሚጀምረው ስለዚህ ቅርፊቱን ከሻንሲው አንሥቶ በማንጠልጠል ነው። ሻንሲው ይጠረጋል፣ ይበየዳል፣ ቀለም ይቀባል፤ ወለሉ ይለወጣል፤ ቅርፊቱም እንደገና ይወርድበታል። ይህ ሁሉ ድካም ሥራው ሲያልቅ ለዐይን አይታይም። የጠጋኙን ሕሊና የሚያሳየው ግን ይኸው የማይታየው ክፍል ነው።

ሦስት ዐይነት አዳሾች

የአሮጌ ተሳቢ ቤት ጥገና ዛሬ በሦስት ፈለጎች ይካሄዳል ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የመጀመሪያው መስታወት የማድረግ ፈለግ ነው። ላሜራው በመወልወያ ማሽንና በልዩ ልዩ ማለስለሻ ቅባት ለብዙ ቀናት ተፈግፍጎ ሰማዩንና ሣሩን እንደ መስታወት እስኪያሳይ ድረስ ይወለወላል። ተመልካች ይደነቃል፤ ዋጋውም ይጨምራል። ነገር ግን ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ የተሠሩበት ላሜራ እርከን ያለው ነው። ውስጡ ጠንካራ ቅይጥ ሲሆን በሁለቱም ገጽ ላይ ንጹሕ አሉሚኒየም በስሱ ተለብጦበታል። ንጹሑ አሉሚኒየም ዝገትን ይከላከላል፤ ቅይጡ ጥንካሬን ይሰጣል። ላሜራው ራሱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በማያልፍበት ሥራ ላይ ይህ ልባጭ በየገጹ ከውፍረቱ 5 በመቶ ገደማ ነው። በርጋታ የወለወለ ብዙም አይጎዳው ይሆናል፤ በአሸዋ ወረቀት የፈገፈገ ወይም በየዓመቱ የደጋገመ ግን መከላከያውን አንሥቶ ቅይጡን ለዝናብ ያጋልጣል። ድምቀቱ የሚገኘው ከዕድሜው ተቀንሶ ነው።

ከዚህም በላይ መስታወት የሆነ ቤት የራሱ ፊት የለውም። የሚያሳየው በፊቱ የቆመውን ነው። ተመልካቹ ራሱን፣ መኪናውንና ደመናውን ያያል፤ ቤቱ ያለፈበትን ዝናብ፣ የመታውን ጠጠር፣ የተጠገነበትን ስፍራ ግን አያይም። ይህን ፈለግ በጠቅላላው ማውገዝ ተገቢ አይሆንም። አንዳንድ ቤት ከብዙ ዓመታት እንክብካቤ ማጣት የተነሣ ገጹ ጠቁሮና ሻክሮ ይገኛል፤ መጥራትም ይገባዋል። ማጥራትና መፋቅ ግን አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ቅርፊቱን ብቻ የማስቀረት ፈለግ ነው። የእንጨቱ ቁም ሣጥን፣ ምድጃው፣ ተጣጣፊው አልጋ፣ የውስጡ ሽፋን ሁሉ ተነቅሎ ይጣላል፤ በምትኩ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ የዘመኑን የሆቴል ክፍል የመሰለ ነገር ይገባበታል። ቡና መሸጫ ወይም የእንግዳ ማረፊያ የሆኑትም ብዙ ናቸው። ተከራካሪዎቹ «ባይሆን ኖሮ ቆሻሻ መጣያ ይወድቅ ነበር» ይላሉ። ነገሩ እውነትነት አለው፤ ወለሉ ለበሰበሰ፣ የቤት ዕቃው ለጠፋ ተራ ቤት ይህ ሁለተኛ ሕይወት ነው። ይሁን እንጂ የተሳቢ ቤት ጥበብ ግማሹ በውስጡ ነው። ቀን ጠረጴዛ ሌሊት አልጋ የሚሆነው ሳንቃ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ስፍራ የታቀደው ማድ ቤት፣ በመንገድ ንቅናቄ እንዳይከፈት የተዘጋጀው መሳቢያ፣ እነዚህ ሁሉ የጠባብ ቦታን ችግር የፈቱ አሳቦች ናቸው። ሙሉ ሆኖ የደረሰን ውስጥ ነቅሎ መጣል ገጾቹ ያልጠፉበትን መጽሐፍ ቀዶ ሽፋኑን ብቻ እንደ ማስቀመጥ ነው።

ሦስተኛው ፈለግ የመጠበቅ ነው። ጠጋኙ አስቀድሞ ያለውን ሁሉ ይለካል፣ ይመዘግባል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል። ከበሰበሰው በቀር አይነቅልም። የተካው ክፍል አዲስ መሆኑ ጠጋ ብሎ ለሚያይ እንዲታወቅ ያደርጋል። ይህ ሥርዐት ለሕንፃና ለሐውልት በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ካጸናው አሳብ ጋር ይቀራረባል። ቻርተሩ ጥገና ግምት ከሚጀምርበት ላይ መቆም እንዳለበት፣ የተተካውም ክፍል ከጥንቱ ሊለይ እንደሚገባው ያሳስባል። በ2010ዎቹ መጀመሪያ የወጣው የቱሪን ቻርተር ተመሳሳዩን መንፈስ ወደ ታሪካዊ ተሽከርካሪዎች አምጥቶታል።

የዚህ ፈለግ ምሳሌዎች በቤተ መዘክሮች ይገኛሉ። በሐምሌ 1969 አርምስትሮንግ፣ ኦልድሪንና ኮሊንስ ከጨረቃ ጉዞ ሲመለሱ የተገለሉበት ክፍል ከኤርስትሪም ተለውጦ የተሠራ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በመርከብ ላይ ያነጋገሯቸው በዚያ ቤት መስኮት በኩል ነው። ቤቱ ዛሬ በአሜሪካ በስሚትሶንያን ይታያል። በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክርም በ1963 የተሠራ «ባምቢ» የተባለ ትንሽ ኤርስትሪም በስብስቡ ውስጥ ይዟል። ባምቢ የሚለው ስም የመጣው በዚያው የአፍሪካ ጉዞ ወቅት ባያም አንጎላ ውስጥ ካዩት አንድ ትንሽ የዱር እንስሳ መጠሪያ ነው ይባላል። ሁለቱም ቤቶች በሚገባ ተጠብቀዋል። ሂሱ ግን እዚህም ላይ አይቀርም፤ ሁለቱም አይሄዱም። ለመሄድ የተሠራን ነገር በቤት ውስጥ ማቆም ከጥፋት ያድነዋል፤ በምላሹም የተሠራበትን ዓላማ ይወስድበታል። ለጨረቃው ቤት ይህ ዋጋ ተገቢ ነው፤ ሁለተኛ የሌለው ምስክር ነውና። ለእያንዳንዱ አሮጌ ተሳቢ ቤት ግን ይኸው ፍርድ ሊሰጥ አይችልም።

የአፍሪካው መንገድ ምስክርነት

ጥያቄው በይበልጥ የሚከብደው ከ1959 እስከ 1960 አፍሪካን ባቋረጡት ቤቶች ላይ ነው። 41 ተሳቢ ቤቶች ከ200 ቀናት በላይ በወሰደ ጉዞ ከአህጉሪቱ ደቡባዊ ጫፍ እስከ ፒራሚዶች ድረስ ተጎትተዋል። ፒራሚዶቹን ተገን አድርገው የቆሙበት ፎቶግራፍና ባያም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረዋል። በፎቶግራፎቹ የማይታየው በሁለቱ መካከል የነበረው መንገድ ነው። ከኬንያ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በዚያ ዘመን አስፋልት አልነበረውም፤ በኬንያ በኩል ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው ክፍል እንኳ አስፋልት ለብሶ የተጠናቀቀው በ2010ዎቹ ነው። ለአሜሪካ አውራ ጎዳና የታቀደ ቀላል ቤት በዚህ ድንጋይና አቧራ ላይ ሲያልፍ ሪቬቱ ይላላል፣ ሻንሲው ይሰነጠቃል፣ ሆዱ ይላጋል። ጉዞው ለሠሪዎቹ ትምህርት ቤት የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በእንዲህ ያለ መንገድ የተሰበረው እየተጠና ቀጣዩ ሥራ ይጠነክራል።

የባያም ተከታዮች ማኅበር በ1955 ከተመሠረተ ወዲህ አባላቱ በቤቶቻቸው ገላ ላይ ትልልቅ ቀይ ቊጥሮች ሲለጥፉ ኖረዋል። ቊጥሩ ከዓመታት በኋላ ሲነሣ ፀሐይ ባላገኘው ላሜራ ላይ ጥላው ይቀራል። ይህ ጥላ ለማይረዳው ሰው እድፍ ነው፤ ለሚያውቀው ግን የቤቱ ስም ነው፤ ቤቱ የማን እንደ ነበረና በየትኛው ጉዞ እንደ ተሳተፈ ለማጣራት የሚያስችል ፍንጭ ነው። የመወልወያው ማሽን በአንድ ቀን ጠዋት ሊያጠፋው ይችላል። ከሆዱ ሥር ያለ ግርድፍ ብየዳም እንዲሁ ነው። ጠጋኙ አስቀያሚ ብሎ ቈርጦ ሳይጥለው በፊት ብየዳው የት ተበየደ፣ ማንስ በየደው ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ ምናልባት ከዚህ አገር አንድ መንገድ ዳር ይገኝ ይሆናል። ለኦሃዮው ፋብሪካ ታሪክ ጌጥ የሆነው ጉዞ የኢትዮጵያና የኬንያ መንገዶች ታሪክም ነው። የመጀመሪያው ታሪክ በመጻሕፍትና በሥዕል ተጠብቋል፤ ሁለተኛው በአመዛኙ በላሜራ ላይ ብቻ ቀርቷል።

መመዘኛው

እንግዲህ መልካም ጥገና በሦስት ነገር ቢመዘን ይበቃል። አንደኛ፣ ቤቱ የመሄድ ኀይሉ ተመልሷል ወይ? የበሰበሰ ወለልና የተሰነጠቀ ሻንሲ «ታሪክ ነው» ተብሎ ሊተው አይገባም፤ ሰው ይገድላልና። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ መጎተቻውና የጋዝ መስመሩ አዲስ ቢሆኑ ማንም ወቃሽ አይኖርም። ሁለተኛ፣ ዕድሜው ይነበባል ወይ? ውሃ የማያስገባ ስርጉደት፣ የማያዝግ ጭረት፣ የጠፋ ቊጥር ጥላ መቅረት የሚገባቸው ናቸው። ሦስተኛ፣ የተሠራው ነገር ነገ ሌላ ሰው ቢያሻው ሊፈታ ይችላል ወይ? የተቀባ ቀለም ይነሣል፤ የገባ ወለል ይወጣል፤ የተፋቀ ልባጭ ግን ተመልሶ አይለበጥም።

በዚህ ሚዛን ሲታይ በየትርኢቱ ሽልማት የሚያገኘው መስታወት መሳይ ቤት ብዙ ጊዜ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፈተና ይወድቃል። ውስጡ የተነቀለው ቤት የመጀመሪያውን ያልፋል፤ በቀሩት ላይ ግን ይንገዳገዳል። የቤተ መዘክሩ ቤት የመጀመሪያውን ሆነ ብሎ ይተዋል። ሦስቱንም የሚያልፈው በከፊል የደበዘዘ፣ እዚህም እዚያም የተጣፈ፣ ወለሉ አዲስ፣ መሳቢያው የጥንቱ የሆነና በበጋ መንገድ ላይ የሚገኝ ቤት ነው። ለፎቶግራፍ እንደ ሌሎቹ አይመችም። ከቦውለስና ከባያም ዓላማ ጋር ግን ከሁሉም ይልቅ ይስማማል።

አሮጌ ተሳቢ ቤት በእጁ የገባ ባለሙያ ከአቅሙ በላይ የሚጠየቅ አይደለም። መወልወያውን ከመክፈቱ በፊት ገላውን ዙሪያውን ፎቶግራፍ ያንሣ፤ የነቀለውን ምልክት አድርጎበት ያስቀምጥ፤ የበየደውን ከነቀኑ ይመዝግብ። ሁሉንም ያንጸባርቅ ዘንድ ልቡ ካልቻለለት ደግሞ፣ ቢያንስ አንዲት ቅጠል ላሜራ ሳትነካ ትቅር።